በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት ስለ መሸጥ

ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጨርቁን በጣቱ ዳስሶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ ይገዛል። ጤፍ የሚገዛም በእፍኙ ዘግኖ መርምሮ ነው። የሐኪምን፣ የጠበቃን ወይም የመካኒክን ዕውቀት የሚገዛ ግን የሚዳስሰው ነገር የለውም። ዕውቀቱን ለመመዘን ራሱ ዐዋቂ መሆን ያስፈልገዋል፤ ዐዋቂ ቢሆን ደግሞ ባልገዛው ነበር። እንግዲህ ዐዋቂ የተባለው ሰው ለማያውቀው ሰው ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በትልልቅ ቃላት ከማስረዳት ይልቅ በአንዲት አሮጌ መኪና ብንመረምረው ይሻላል።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ማክሰኚትን አልፎ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት፣ እንፍራንዝ የምትባል ከተማ አለች። በአጠገቧ ካለው ኮረብታ ላይ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት (1563–1597 እ.ኤ.አ.) እንደ ታነጸ የሚነገርለት የጉዛራ ግንብ ይታያል። በዚህች ከተማ የሚኖሩ አንድ የማውቃቸው መምህር አንዲት ፎልክስዋገን ነበረቻቸው። ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠና በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሏም 6 ቮልት ብቻ የሆነ፣ ከ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት ከተሠሩት አንዷ ነበረች።

የመኪናዪቱ ሕመም እንዲህ ነበር። ቆማ ስትሠራ ደኅና ናት፤ ለመነሣት ቤንዚን ሲረገጥ ግን ታመነታለች፣ እንደሚንተባተብ ሰው ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ከዚያ በኋላ ፍጥነት ስትይዝ ትስተካከላለች። ጠዋት ጠዋትም ሞተሪኖው እየከበደው ይዞራል። መምህሩ መኪናቸውን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱ፤ «አገሩ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ጥፋቱ ከካርቡራቶሩ ነው» ተባሉና ካርቡራቶር ገዙ። ሕመሙ አልለቀቀም። ሌላው መካኒክ ቦቢናውንና ካንዴላዎቹን አስለወጣቸው። ሕመሙ አልለቀቀም። ሦስተኛው ባትሪ አስገዛቸው። ጥቂት ቀን የተሻላት መሰለና እንደ ገና ወደ ነበረችበት ተመለሰች።

እዚህ ላይ ፍርዳችን የተስተካከለ እንዲሆን አንድ ነገር እናስታውስ። የመጀመሪያው ግምት ከንቱ ግምት አልነበረም። ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር በደጋ ላይ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑን ያበዛል፤ ሞተሩም ይታፈናል። ደካማ ቦቢናም፣ ያረጀ ባትሪም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ምልክቱ አንድ ሲሆን ምንጩ ብዙ ነው፤ የችግሩም ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

በመጨረሻ መኪናዪቱን ያየው በዚያው መንገድ ዳር የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ ነው። ኮፈኖ ከመክፈቱ በፊት ጥያቄ አበዛ። «ጋሼ፣ የምታመነታው ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንድ ጊዜ? ከመቼ ጀምሮ? ሞተሪኖው የደከመው ከዚያ በፊት ነው ወይስ አብሮ?» ሁለቱ ሕመሞች አንድ ሰሞን እንደ ጀመሩ በሰማ ጊዜ፣ ለሁለቱ አንድ ምክንያት ይኖር ይሆን ብሎ አሰበ። የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በሞተሩ ብረት ላይ አስነክቶ መምህሩን ቁልፉን እንዲያዞሩ ጠየቃቸው። በዚያ መካከል ግማሽ ቮልት እንኳ መጥፋት አልነበረበትም፤ የጠፋው ግን ከአንድ ቮልት በላይ ሆነ። ከዚያ ከመኪናው ሥር ገባ።

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መሄጃው የተሸፈነ ሽቦ ነው፤ መመለሻው ግን የመኪናው ብረት ራሱ ነው። መካኒኮቻችን ይህን መመለሻ «ማሳ» ይሉታል። ቃሉን የወረሱት እንደ ካንዴላና እንደ ቦቢና ሁሉ ከጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ይዞ በቆየበት ጊዜና ከዚያም ወዲህ ብዙ የጋራዥ ቃል ትቶልናልና። ለገበሬው ግን ማሳ የሚያርሰው መሬት ነው፤ ሁለቱ ቃላት በአጋጣሚ ቢገናኙም ሁለቱም ሌላው ነገር ሁሉ የሚያርፍበትን መሠረት ይናገራሉ።

በፎልክስዋገን ሞተሩና ማርሽ ሳጥኑ በጎማ መደገፊያ ላይ ስለሚቀመጡ፣ ጎማም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ከሽቦ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ማሰሪያ አለ። የመምህሩ መኪና ማሰሪያ አብዛኛው ክሩ ተበጥሶ፣ የቀረውም ዝጎ ነበር። ቤንዚን ሲረገጥ ሞተሩ በጎማው ላይ ጥቂት ይነቃነቃል፤ በዚያች ቅጽበት ማሰሪያው ይላላል፤ ብልጭታው ይደክማል፤ መኪናዪቱም ታመነታለች። ሞተሪኖው ደግሞ ሲነሣ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፤ በ100 አምፔር ላይ አንድ መቶኛ ኦም የምታህል እንቅፋት 1 ቮልት ትበላለች፤ ይህም ከ6 ቮልት ስድስተኛው እጅ ነው። ወጣቱ ማሰሪያውን በአዲስ ወፍራም ገመድ ተካው፤ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ብሎኑን አጠበቀ። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ መኪናዪቱም ዳነች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከመኪናው ሕመም ይልቅ አሳሰበኝ። ወጣቱ ዋጋውን ሲናገር መምህሩ ተቆጡ። «ለአንዲት ቁራጭ ገመድ ይህን ያህል?» አሉት። እኒሁ ሰው ለካርቡራቶሩ፣ ለቦቢናውና ለባትሪው ብዙ ብር ያለ ክርክር ከፍለው ነበር፤ ብረቱን በእጃቸው ይዘው አይተዋልና። ያዳናቸውን ዕውቀት ግን በእጅ መያዝ ስለማይቻል ዋጋ የለውም አሉ። የቀደሙትንም መካኒኮች «ሌቦች!» ብለው ሰደቧቸው።

ሌቦች ነበሩን? እኔ ሦስት ዓይነት ሰው ለይቼ አያለሁ። አንዱ እውነቱን እያወቀ የማያስፈልግ ዕቃ የሚሸጥ ነው፤ ይህ ያለ ጥርጥር ሌባ ነው። ሁለተኛው ሳያውቅ «አላውቅም» የሚል ነው፤ ይህ ምንም አልበደለም። ሦስተኛው ሳያውቅ፣ ግምቱን ዕውቀት አስመስሎ የሚሸጥ ነው። እርሱ በልቡ ሌላውን አታልያለሁ አይልም፤ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ያስባልና። ነገር ግን በልቡ «ሊሆን ይችላል» ያለውን በአፉ «ነው» ብሎ ከተናገረ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ለገበያ አውጥቶ ሸጦታል። ግምት ኃጢአት አይደለም፤ የግምትን ስም መለወጥ ግን በደል ነው።

«መካኒኩም እኮ እንጀራ ይበላል፤ አላውቅም ቢል ባለመኪናው ወደ ሌላው ይሄዳል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በደሉም የመካኒኩ ብቻ የማይሆነው ስለዚህ ነው። «አላውቅም፣ ጊዜ ስጠኝና ልመርምር» የሚለውን ሰው እንንቃለን፤ በድፍረት የሚናገረውን እናከብራለን። ለዕቃ እንከፍላለን፤ ለምርመራ አንከፍልም። እንዲህ እያደረግን መካኒኩን ዕቃ ሻጭ እንዲሆን የምናስተምረው እኛው ነን። ለመርማሪው ዋጋውን የነፈገ ሰው ነገ ሌላ ካርቡራቶር ቢገዛ ማንን ይከስሳል?

ዛሬ አዳዲስ መኪናዎች ሕመማቸውን በኮምፒዩተር ይናገራሉ ይባላል። መሣሪያው የሚያሳየው ግን ጉድለቱ የተሰማበትን ቦታ ነው፤ ምክንያቱን ማግኘት አሁንም የሰው ሥራ ነው። የዛገ ማሳ ዛሬም ብዙ ደኅና ዕቃ ያስለውጣል።

ወጣቱ መካኒክ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። ያንን ማሰሪያ ሸክም ሳይኖርበት በኦም ብንለካው፣ አንዲት ክር ብቻ ሳትበጠስ ብትቀር እንኳ መሣሪያው «ደኅና ነው» ሊል ይችላል። ድካሙ የሚታወቀው ኃይል ሲያልፍበት ነው። የሰውም እውነተኛነት እንዲሁ ይመስለኛል፤ ማንም ባልጠየቀን ጊዜ ሁላችን እውነተኞች ነን። ሰው ገንዘቡን ይዞ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ሲለን ግን ሸክሙ ይመጣል።

ከእናንተ አንዱ ነርስ፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱም መካኒክ ይሆናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለውን ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ በእናንተ ጥድፊያ ግን የሚፈስሰው የሌላው ሰው ገንዘብ፣ ጤና ወይም ስም ነው። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት ጠይቁ፤ ከመለወጥ በፊት ለኩ፤ የምትገምቱትንም «እገምታለሁ» በሉ። ከፋይ በሆናችሁ ጊዜ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ እውነቱን ላገኘላችሁ ሰው ዋጋውን አትከልክሉት።