ወርቁ የማን ነው?

ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ፣ የቅኔ ተማሪ ትውልድ እየተቀባበለ የተማረው አንድ ታላቅ ጥበብ አለ፤ ይኸውም ሰምን ከፊት አቁሞ ወርቅን ከኋላ መሸሸግ ነው። ሰሚው ሰሙን ገልጦ ወርቁን ፈልፍሎ ያወጣ ዘንድ ይጠበቅበታል፤ በዚህም ይደሰታል እንጂ ተታለልሁ ብሎ አያዝንም። ስለ ምን ቢሉ፣ ባለቅኔው ምሥጢሩን ቢሰውርም ራሱን አይሰውርምና ነው። በጉባኤው መካከል ቆሞ በገዛ አንደበቱ ያሰማል፤ ቢያምርለት የሚመሰገነው፣ ቢዛነፍበት የሚታረመው እርሱው ነው።

በዘመናችን ግን ሌላ ዓይነት ሰምና ወርቅ ተበራክቷል። ሰሙ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚደርሰን የፖለቲካ ማስታወቂያና ቅስቀሳ ነው። ወርቁ ግን የቃል ምሥጢር ሳይሆን በጥሬ ትርጉሙ ወርቅ፣ ማለትም ገንዘብ ነው። ተናጋሪው ይታያል፤ ያናገረው አይታይም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የአደባባይን ሐሳብ ለማዘንበል ገንዘብ የሚከፍል ሰው ወይም ድርጅት ስሙን የመግለጽ ግዴታ አለበትን? ሰሚውስ ይህን የማወቅ መብት አለውን?

ባህላችን ለዚህ ጥያቄ አንድ ጥንታዊ መልስ ያለው ይመስለኛል። በሞጣም ሆነ በቢቸና፣ በሠርግም ሆነ በጠጅ ቤት፣ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም አፉ ለኪራይ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ኪራዩ በአደባባይ ነው። ግጥም ሰጪው «ተቀበል!» ብሎ በታዳሚው ፊት ያቀብላል፤ ብሩም በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። ውዳሴው የማን እንደሆነ፣ ስድቡም ከማን እንደመጣ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የተነካውም ሰው ለአዝማሪው ሳይሆን ለባለ ግጥሙ መልስ ይሰጣል። አንድ ሰው ከበር ኋላ ተደብቆ፣ ብሩን በጨለማ አስጨብጦ፣ ጎረቤቱን ቢያሰድብ ግን ያ ጨዋታ መሆኑ ይቀርና ሸር ይሆናል። ግጥሙ አልተለወጠም፤ ዜማውም ያው ነው። የተለወጠው የብሩ መታየትና አለመታየት ብቻ ነው።

የባለቤቱ ማንነትና ጥቅም በግልጽ ያልታወቀ ቃል ምን ሊያስከትል እንደሚችል የምሥራቅ ጎጃም ታሪክም ያስተምረናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣና የቢቸና አውራጃ ገበሬ አልቀበልም ብሎ ተነሣ። በአዋጁ ቃል መሠረት ነገሩ አሥራትን የሚተካ ግብር ነበር። ገበሬው ግን ቃሉን ከመመዘኑ በፊት ከቃሉ በስተጀርባ ማን እንደሚጠቀም ጠየቀ፤ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነጠቅ ሰጋ። መንግሥትም ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን አዘመተበት። የገበሬው ሥጋት በሁሉም ረገድ ትክክል ነበር አልልም። የምለው፣ «ይህ ነገር የማን ነው? ለማን ይበጃል?» የሚለው ጥያቄ እምነት የሚጣልበት መልስ ሲያጣ ቦታውን ጥርጣሬ ይይዘዋል፤ ጥርጣሬም አድሮ ደም ያፈስሳል ነው። ስለዚህ ባለቤትን መግለጽ ሰሚውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ይጠቅማል፤ እውነተኛው ቃል ከሐሰተኛው ጋር በአንድነት እንዳይጠረጠር ያደርገዋልና።

ከዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። እውነት በማንም አፍ ብትነገር እውነት ናት፤ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ሌባ ቢናገረው አምስት አይሆንም፤ ስለሆነም ነገሩን እንጂ ከፋዩን አትመርምሩ የሚሉ አሉ። በመሠረቱ ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን የፖለቲካ ማስታወቂያ እንደ ሒሳብ ስሌት ማስረጃውን በእጃችን ይዞልን አይመጣም። «እመኑኝ» ይለናል። እመኑኝ የሚል ሁሉ ምስክር ነው፤ ምስክርን ደግሞ ዳኛ ዝም ብሎ አይሰማውም። ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና ወይም ቂም እንዳለው፣ መማለጃም እንደበላ ይጠይቀዋል። ይህ መጠየቁ ምስክሩን ውሸታም አያሰኘውም፤ ቃሉ በስንት ሚዛን እንደሚመዘን ግን ይወስናል።

የዚህ ዓይነቱ ሕግ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የራሳችንን መንግሥት ታሪክ በሰው አገር መዝገብ ማንበብ ይበቃል። አሜሪካ በ1938 እ.ኤ.አ.፣ የናዚ ጀርመን ፕሮፓጋንዳ ባሳሰባት ጊዜ፣ ለባዕድ መንግሥት ጥብቅና የሚቆሙ ወኪሎች እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ሕጉ መናገርን አይከለክልም፤ የሚያዘው የማን ወኪል እንደሆኑና ስንት እንደተከፈላቸው እንዲገልጹ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የቀረበውን የሕግ ረቂቅ ለመቋቋም የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን የጥብቅና ድርጅት ቀጥሮ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ ኤስጂአር ከተባለ ድርጅት ጋር በወር 150,000 ዶላር ተዋዋለ። አገር ለጥቅሟ ጠበቃ ማቆሟ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያ ገንዘብ የሞጣና የቢቸና ገበሬም ግብር የሚከፍልበት የመንግሥት ካዝና ሀብት ነው። በስሙ የተከፈለውን ዋጋ ዋሽንግተን ያለ አንባቢ መዝገብ ገልጦ ሲያየው፣ ባለ ገንዘቡ ገበሬ ግን ከነመኖሩም አልሰማ ይሆናል። የእኛን ምሥጢር ለእኛ የሚነግረን የሌላ አገር ሕግ መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

በአገራችንም ጅምር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጎችና ከማይታወቅ ምንጭ ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም የፓርቲን ካዝና መቆጣጠር አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ በካዝናው ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ተናጋሪው አፍ ሲፈስስ ማየት ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያውን የሚሰማው ሰው የሒሳብ መርማሪ አይደለም። ለእርሱ የሚጠቅመው ከዓመት በኋላ የሚወጣ ሪፖርት ሳይሆን፣ ቃሉ በተነገረበት ቅጽበት አብሮ የሚነገር የከፋይ ስም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ስም መግለጽ ለደካማው አደጋ ነው፤ የለጋሾች ዝርዝር አድሮ የክስ መዝገብ ሊሆን ይችላል ይላል። ይህን ሥጋት ታሪካችንን የሚያውቅ ሰው አይንቀውም። አባቶችም አልናቁትም። በጥንቱ አውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛ ሲፈለግ፣ ያየውን በግልጽ ለመናገር የፈራ ሰው በ«ወፍ» አማካይነት በስውር እንዲያሰማ ይፈቀድለት ነበር። ታዲያ ወፉን የፈቀደ ባህል፣ ስውሩን ከፋይ ስለ ምን አይፈቅድም?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ወፉ ያየውን የሚናገር ነው፤ ስሙን የሚሰውረው ከእርሱ የበረታ ስላለ ነው። ስውሩ ከፋይ ግን ያላየውን ሌላው እንዲናገርለት የሚገዛ ነው፤ ስሙን የሚሰውረው ብርታቱ እንዳይታወቅበት ነው። አንዱ በገዛ አፉ በሹክሹክታ ይናገራል፤ ሌላው በተከራየው አፍ ይጮኻል። ስለዚህ ለሚደግፈው ሰው መቶ ብር ያዋጣ የቢቸና ገበሬ ስሙ በአደባባይ ይለጠፍ የሚል ሕግ ፍትሕ አይሆንም። ግዴታው ከገንዘቡ ብዛትና ከከፋዩ ኃይል ጋር አብሮ ማደግ አለበት፤ ከሁሉ አስቀድሞም ከሁሉ የበረታውን ከፋይ፣ መንግሥትን፣ መያዝ ይገባዋል። የደካማውን ስም ገልጦ የራሱን የሚሸሽግ መንግሥት ያወጣው የግልጽነት ሕግ፣ ስሙ ሕግ ይሁን እንጂ ግብሩ ወጥመድ ነው።

መስፈሪያው ለጸሐፊም ይሠራል። ይህ ጽሑፍ የወጣው የመንግሥት የባህል ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ነው፤ አንባቢ ይህን አውቆ ቃሌን ይመዝን። ቢቀልበት ይጣለው፤ ቢከብድበት ይያዘው። ሰሙን ማሳመር የጸሐፊ ድርሻ ነው። ወርቁ የማን እንደሆነ መጠየቅ ግን የሰሚ መብት ነው፤ ጠያቂ በሌለበት አገር ደግሞ ወርቅ ያለው ሁሉ ባለቅኔ ነው።