የልጅነት ዜማና የእግዚአብሔር ፍቅር

ሰው በሕፃንነቱ ጆሮው የለመደውን ዜማ እስከ ሽምግልናው ድረስ ሲወድ ይኖራል። ከዚያ በኋላ እጅግ የተዋበ ዜማ ቢሰማ እንኳ ልቡ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እንግዲህ ይህ ፍቅር የእግዚአብሔር ፍቅር ነውን? ወይስ ሰው ያለፈ ዘመኑን የሚወድበት ፍቅር ነው? በማሕሌት ቆሞ የሚያነባ ሰው ስለ ምን እንደሚያነባ ካላወቀ፥ ናፍቆቱን እንደ ጸሎት ሊቆጥረው ይችላልና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ነገሩ በአዊ ምድር፥ በእንጅባራ አካባቢ፥ ጎልቶ ይታያል። በዚያ ብዙው ሕፃን ከእናቱ አፍ የሚሰማው አዊኛ ነው፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ግን ግዕዙን ይሰማል። ቃሉን አያውቀውም፤ ዜማውን ግን ይይዘዋል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በዘመነ ጽጌ፥ የደጋው ብርድ፥ የጧፉ ሽታ፥ የጸናጽሉ ድምፅና የእናቱ ነጠላ ሙቀት ከዜማው ጋራ አንድ ሆነው በልቡ ይታተማሉ። ከ40 ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ ያንኑ ዜማ ሲሰማ፥ ከምሥጢሩ አስቀድማ እናቱ ትታሰበዋለች። ይህ ሰው አመለከን ወይስ አስታወሰ እንላለን?

አስቀድመን ትዝታ ለዜማ ባዕድ እንዳልሆነ እንወቅ። በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ፥ ከ24ቱ ካህናተ ሰማይ የሰማውን ወደ አክሱም ተመልሶ እንዳዜመ አባቶቻችን ያስተምራሉ። እንግዲያስ ዜማችን ከመጀመሪያው የሰሙትን አስታውሶ ማሰማት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ምልክትም ይህንኑ ይመሰክራል። ከምልክቶቹ ብዙዎቹ ዜማው አስቀድሞ ከሚታወቅ ቃል ተቆርጠው የተወሰዱ ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቱን ቢያይ ሊያዜም አይችልም።

ነገር ግን ትዝታ አደጋም አለበት። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፥ የሁለተኛው ቤተ መቅደስ መሠረት በመለከትና በዝማሬ ሲጣል፥ ሌሎች በደስታ እልል ሲሉ የቀድሞውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች አለቀሱ። መጽሐፍ ልቅሷቸውን አልነቀፈም። ሆኖም ነቢዩ ሐጌ የፊተኛውን ክብር ያዩትን ጠርቶ፥ በርቱና ሥሩ ብሎ አዘዛቸው። ትዝታ ወደ ሥራ ካልመራ እንባው በከንቱ ይፈሳል። አውግስጢኖስም ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ፥ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ድምፁ ደስ ሲያሰኘው ይጨነቅ እንደ ነበር ጽፏል። ዳሩ ግን በእምነቱ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ሰምቶ ያፈሰሰውን እንባ ባሰበ ጊዜ፥ ዜማው ይቅር ሊል አልደፈረም።

ስለዚህ ትዝታ በር ነው እንጂ መንበር አይደለም እንላለን። በበሩ የገባ ሰው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በበሩ ቆሞ የቀረ ግን ራሱን ያመልካል። መለያውም ይህ ነው። የቤተ ልሔም ዜማ የለመደ ሰው የቆማን ወይም የአጫብርን ዜማ ሲሰማ ቢንቅ፥ የወደደው ልማዱን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እንዳስተማረው በመንፈስም በአእምሮም ለመዘመር ትርጓሜውን ቢፈልግ ግን፥ ፍቅሩ ወደ እግዚአብሔር አልፏል። ደግሞም ያዘለችውን እናት የሚያስብ ሰው፥ በመንደሩ ያለችውን ደካማ ባልቴትና በየደጁ የሚለምነውን የአብነት ተማሪ ይርዳ፤ ትዝታው በዚህ እውነተኛ ይሆናል።

ካህናት ሆይ፥ የእኛ ዕዳ ከዚህ ይበልጣል። ዛሬ በእናቱ ጀርባ ያለው ሕፃን ከ40 ዓመት በኋላ የሚያስታውሰውን የምናኖርለት እኛ ነን። ጥድፊያና ክርክር ቢሰማ ያንኑ ይይዛል፤ በማስተዋል የተዜመውን ቢሰማ ስንቅ ይሆነዋል። ልጁ ሲያድግም ዜማው ያለ ምሥጢር እንዳይቀርበት፥ በእናቱ ቋንቋ ትርጓሜውን እንንገረው። በሩን የከፈትንለትን ልጅ በደጅ ማስቀረት አይገባንምና።

የቅዱስ ያሬድ አምላክ የሰማነውን እናስተውል ዘንድ ልቡና ይስጠን፤ አሜን።