«እንኳን ማረሽ» ካልን በኋላ



ከአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወይም ከሐዋሳ የካንሰር ሕክምናውን ፈጽሞ ወደ ዲላና ወደ ገጠር መንደሮቻችን የሚመለስ ሰው እንዴት አቀባበል እንደሚደረግለት ሁላችን እናውቃለን። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ይባላል፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ቤቱ ጭር ይላል። ሰው ሁሉ ወደ ቡና ለቀማውና ወደ ገበያው ይመለሳል። ሕመምተኛዋ ድና መጥታለች ተብሎ ስለ ታመነ፣ ከመኝታዋ በተነሣች ቁጥር ግድግዳው እንደሚዞርባት ለማን እንደምትናገር አታውቅም። ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ይህን ሁለተኛውን ጊዜ፣ ይኸውም ከምርቃቱ በኋላ የሚመጣውን ነው።

በዚህ ነገር እኛም ንጹሓን አይደለንም። በአንድ እሑድ ከሕክምና የተመለሰች እኅት ወንጌል ሲነበብ ተቀመጠች። ከኋላዋ ሹክሹክታ ተሰማ፤ ከእኛ አንዱም ቀረብ ብሎ እንድትነሣ በጆሮዋ ነገራት። እርሷም ታዝዛ ተነሣች፣ ወዲያውም ወደቀች። አንዳንዱ በሽታው አገረሸባት አለ፤ ሌላው የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት በቤተ ክርስቲያን አልታየችም። ዘግይተን ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ ከመውደቋ ይልቅ ያሳፈራት በእምነቷ መጠርጠሯ እንደ ሆነ ተረዳን።

ለመሆኑ ይህ ማዞር ከወዴት ይመጣል? የኬሞቴራፒ መድኃኒት በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚሠራውን ደም ስለሚቀንስ የደም ማነስን ያስከትላል። ማስመለስና ተቅማጥ የሰውነትን ውኃ ያደርቃሉ። ብዙ ቀን ተኝቶ የቆየ ሰው በድንገት ሲነሣ የደም ግፊቱ ይወርድና ዓይኑ ብዥ ይላል። የሕመምና የማስመለስ ማስታገሻ ክኒኖችም ራሳቸው የሚያፈዝዙ አሉ፤ እንደ ሲስፕላቲን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ሚዛናችንን የሚጠብቀውን የውስጥ ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። መንስኤውን ለይቶ መናገር የሐኪም ድርሻ ነው። የእኛ ድርሻ ግን ሐኪም የሚያውቀውን ምክንያት ትተን ሌላ እንዳንፈጥር መጠንቀቅ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ደከመ ሰው የሚናገረውን እንመልከት። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ ስለ እምነቱ መጉደል አልገሠጸውም። ዳሰሰው፣ የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ አቀረበለት። ኤልያስም በልቶና ጠጥቶ እንደ ገና ተኛ። መልአኩ በዚህ አልተቈጣም፤ መንገዱ ሩቅ ስለ ነበረ ሁለተኛ ተመልሶ አበላው (1ነገ. 19፡4-8)። እኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጉብኝት እናደርጋለን፤ የመልአኩን ሁለተኛ ጉብኝት ግን እንረሳለን።

በቤተ ሳይዳ የተፈወሰውን ዕውርም እናስታውስ (ማር. 8፡22-26)። ጌታችን በመጀመሪያ እጁን ይዞ ከመንደር አወጣው። ከዳሰሰው በኋላ ሰውየው ሰዎችን አየ፣ ነገር ግን እንደ ዛፍ ሲመላለሱ ነበር ያያቸው። ፈውሱ ገና በመካከል ነበረ። ሰውየው የሚያየውን ሳይደብቅ ተናገረ፤ ጌታም ዳግመኛ እጁን ጫነበት። ከሕክምና በኋላ ዓለም የሚዞርበት ወገናችንም በዚህ መካከል ላይ ያለ ሰው ነው። በግማሽ መዳኑን በግልጽ መናገሩ ክሕደት አይደለም።

ቋንቋችን ስለ ሕመምተኛ «ይማርህ» ሲል፣ ስለ ኃጢአተኛም «ይማርህ» ይላል። አንዱ ቃል ሁለቱን መያዙ መልካም ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የካህናትን ጸሎትና የዘይቱን ቅባት ሲያዝ የሥጋን ፈውስና የኃጢአትን ስርየት አብሮ ያነሣል (ያዕ. 5፡14-15)። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ያልዳነ ሁሉ ያልተማረ፣ የታመመም ሁሉ የበደለ የሚመስለው አለ። ከመወለዱ ጀምሮ ዕውር ስለ ነበረው ሰው ማን እንደ በደለ ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ጥያቄውን ራሱን አልተቀበለውም (ዮሐ. 9፡1-3)።

ምሥጢረ ቀንዲልንም የሞት ማስታወቂያ አድርጎ የሚፈራው ብዙ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላለ ሰው ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል። በጽኑ የታመመ ሁሉ ሊቀበለው ይችላል፤ በዚያው ሕመም ከጠናበትም ሊደገምለት ይችላል። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሕመምተኛው ወደ ሕክምና ከመሄዱ በፊት ለካህኑ ብታስታውቁ መልካም ነው። ጸሎት ግን ክኒን አያስጥልም። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እንደ ተጻፈው ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ጸሎቱም ሕክምናውም እዚያው ጎን ለጎን ታዝዘዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ሕመምተኛው ከመኝታው በአንድ ጊዜ አይነሣ፤ በመጀመሪያ ጫፉ ላይ ይቀመጥ፣ እግሮቹን ያንቀሳቅስ፣ ራሱ ሲረጋጋለት ብቻ ይቁም። ሌሊት ከእንሰቱ ጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ብቻውን አይውጣ፤ ፋኖስ ወይም ባትሪ የያዘ ሰው ይከተለው። ሐኪም ካልከለከለው በቀን ውስጥ ውኃን ጥቂት በጥቂት ደጋግሞ ይጠጣ። ቡናችን በዓለም ስሙ የታወቀ ቢሆንም የውኃን ቦታ አይተካም። ቆጮ ያጠግባል፣ ነገር ግን ሰውነትን የሚጠግን ምግብ ይጎድለዋልና ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተት ወይም የበሰለ ጎመን ይታከልበት። እናቶች ሆይ፣ እንሰት መፋቅና ውኃ መቅዳት ለጊዜው ለሌላ ሰው ይተው፤ ይህን ሥራ ተካፍሎ የሚሠራላት ጎረቤት ሲገኝ ከብዙ ምርቃት ይበልጣል።

ነገር ግን ራሱን ከሳተ፣ ወይም በአንድ ወገኑ ከደከመ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከያዘው፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ደም ከፈሰሰው፣ እንዲሁም በኬሞቴራፒው ወራት ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ጤና ተቋም ይወሰድ። የባጃጁ ወይም የመኪናው ገንዘብ በሌሊት ፍለጋ እንዳይሆን የቁምስናው ማኅበር አስቀድሞ ያስብበት።

ሳይበሉ ወደ ቅዳሴ መምጣትን በተመለከተ ብዙዎች በሕሊናቸው ይጨነቃሉ። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና (ቁ. 919) ከቅዱስ ቁርባን በፊት የአንድ ሰዓት ጾም ቢያዝም፣ አረጋውያንና ሕሙማን፣ የሚያስታምሟቸውም ሰዎች ጭምር፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ የበሉ ቢሆኑም እንዲቆርቡ ይፈቅዳል። የጾሙን ወራት በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ መያዝ ያልቻለ ሕመምተኛም ሕግ አልጣሰም። በልቶ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ መድኃኒቱን ወስዶ ይምጣ። ወንጌል ሲነበብ ይቀመጥ፤ ካህኑም ቁርባኑን ወዳለበት ያምጣለት። ከዳገት ላይ ካሉት ቤተ ጸሎቶች በክረምት ቀይ ጭቃ መውረድ ለጤነኛም አስቸጋሪ ነውና፣ መምጣት ላልቻለው ቅዱስ ቁርባን በየቤቱ እንዲደርሰው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስሙን ጽፈው ለካህኑ ይስጡ።

ያች እኅት በስተመጨረሻ ተመልሳ መጥታለች። ሁለት የማኅበሯ እናቶች በየክንዷ ይዘዋት ገቡ፤ በግድግዳው አጠገብ ቦታ ተሰጣት፣ ከእናቶቹም አንዷ የውኃ ጠርሙሷን ያዘችላት። ማዞሩ ገና አልለቀቃትም። ወንጌሉ ሲነበብ ተቀምጣ ሰማች፤ ዞሮ ያያትም አልነበረም።