ፈራጇ እጅ

እስቲ ጓደኞቼ፣ የለበሳችሁትን ልብስ ማን ሠራው? ነጠላ ከሆነ «እናቴ ፈተለችው፣ ሸማኔ ሠራው» ትላላችሁ። ሸሚዝ ከሆነስ?

ጥያቄው የመጣብኝ አዳማ፣ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ቤት እራት ስንበላ ነው። እናቱ ጥጥ ፈታይ ናቸው። ይዳምጣሉ፣ ይነድፋሉ፣ ያባዝታሉ፣ ከዚያ እንዝርቱን ያሾራሉ። (ድሩ ዛሬ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን የሳቸው ነው። የእጅና የፋብሪካ ጋብቻ እኮ ድሮ ተፈጽሟል!) እህቱ ደግሞ መስከረም 2011 ዓ.ም. በተመረቀው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። አንዷ ኮሌታ፣ ሌላዋ ቁልፍ፤ የሷ ድርሻ ቀኑን ሙሉ እጅጌ መግጠም ነው።

እኔም እንደ ተማሪ ወጉ አመጣሁት። ካርል ማርክስ በ1844 እ.ኤ.አ. ሠራተኛው ለገዛ ምርቱ ባዕድ ይሆናል ብሎ መጻፉን ጠቅሼ፣ እናቲቱ የጥበብ ሰው፣ ልጂቱ የመኪና ተቀጥላ ናት አልኩ። ልጅቷ ሳቀች።

«እማዬ የፈተለችውን ዋጋ ማን ይቆርጠዋል? ገዢው አይደል? እኔ ቢያንስ ደሞዜ የሚገባበትን ቀን አውቃለሁ።»

አፌን ዘጋሁ። እናትየው ግን አልለቀቋትም። «እኔ ክሩ ካላማረኝ በጥሼ እንደገና እጀምራለሁ። አንቺስ ልጄ፣ ይሄ አላማረኝም የምትይው ለማን ነው?»

«ለሱማ ኳሊቲዎች አሉ» አለች።

በኔ አስተያየት ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእጅ ሥራ ማለት በእጅ መሥራት ብቻ አይደለም፤ «በቃ፣ አምሯል» ወይም «አልሆነም» ብሎ መፍረድም ነው። እናት ለልጅ የምታወርሰው ይህንኑ ፍርድ ነው።

ግን ውርሱ ሁሉ ጣፋጭ ነበር ማለት ሐሰት ነው። ሸክላን ተመልከቱ። ጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ጭቃ ማቡካቱን፣ ማለስለሱን፣ መተኮሱን ከእናቶቻቸው ይማሩ ነበር። ምጣዱና ጀበናው ቀርቶ ለጎብኚ ትንንሽ ምስሎችንም ሠርተዋል። ከገዢው ውስጥ የሠሪዋን ስም የጠየቀ ስንቱ ይሆን? በምጣዷ የጋገረ ጎረቤት ደግሞ «ቡዳ» ይላታል። ምኒልክ ባለሙያ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። እንግዲህ ሸክላ ሠሪዋ እናት ለልጇ ሙያውን ስታስተምር ስድቡንም አብራ ታወርሳታለች። ልጂቱ ደሞዝ ፍለጋ ብትሄድ «ቅርሳችን ጠፋ» ብለን የምንጮህባት እኛ ማን ነን? ያውም የፈረንጅ ልባሽ ለብሰን!

እራቱ አልቆ ቡና ሲፈላ ልጅቷ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ሸሚዜ ያው ልባሽ ናት። «ይሄ እጅጌ ሲገጠም ተጣሟል፤ እንዴት አሳለፉት?» አለች በቁጣ። አውልቅ ተባልኩ፣ አወለቅኩ። ሳትጠይቀኝ ስፌቱን ፈታችው። እናትየው እንዝርታቸውን አስቀምጠው መብራቱን አስጠጉላት።