ስልክ ተደወለልኝ

ውሸቱን የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ካፌ ውስጥ ሞንታርቦው ሲጮህ፣ ሰርግ ላይ እልልታውና ጭፈራው ሲደራረብ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «ሃሎ፣ አይሰማም፣ ቆይ ልውጣ» እያልኩ እወጣለሁ። ማንም አልደወለም። ደጅ አምስት ደቂቃ ተንፍሼ እመለሳለሁ። ማን ተጎዳ? እል ነበር።

ነገሩ ጩኸት መጥላት አይደለም። የብዙ ሰው አእምሮ የማያስፈልገውን ድምፅ ወደ ኋላ ይተወዋል። የኔ ግን የጎን ጠረጴዛውን ወሬ፣ የማንኪያውን ኳኳታ፣ የአምፖሉን ብልጭታ፣ የሰውየውን ሽቶ፣ ሁሉንም እኩል አስቸኳይ አድርጎ ያመጣዋል። ኮድ የምትጽፉ ይገባችኋል፦ ሰርቨር ከአቅሙ በላይ ጥያቄ ሲጎርፍበት መልስ መስጠት ያቆማል። ሰርቨሩን ግን «ኮራ» አንለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ እንዲህ ያለውን ነገር ከኦቲዝም መለያዎች ጋር ጨምሮታል፤ ኦቲዝም የሌለባቸውንም ያጋጥማል። እኔ ተመርምሬ አላውቅም።

እኛ ጋ መገኘት ዕዳ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ መዋል ራሱ ንግግር ነው። ይህን አላጣጥልም፤ አባቴ ሲሞት ያቆመን ያ የታጨቀ ድንኳን ነው። ስለዚህ «ራስህን አስቀድም» የሚለው የኢንተርኔት ምክር አይዋጥልኝም። ሰው ሊያጽናናህ መጥቶ «ድምፅህ በዛብኝ» ይባላል?

ጥር 23 እንጅባራ ነበርኩ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በዓሉ ፈረሶች በአድዋና በአርበኝነቱ ዘመን የዋሉትን ውለታ ያስባል። ሜዳው በሺዎች በሚቆጠሩ ያጌጡ ፈረሶች ተሞልቷል፤ ኮቴው፣ ሞንታርቦው፣ እልልታው፣ አቧራው። አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። አጠገባችን የቆሙ ሽማግሌ እየሳቁ «የአገው ልጅ ፈረስ ይፈራል እንዴ!» አሉት። በፍቅር ነው ያሉት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ስልክ ተደወለልኝ፣ መጣሁ» ብዬ እጁን ይዤው ወጣሁ።

ዳር ላይ አንድ ሰውዬ የደነበረ ፈረሱን ልጓሙን ይዞ በዝግታ ያዞረዋል። ማንም ምን ሆነ አላለውም።

«ማነው የደወለው?» አለኝ ልጁ።

«ማንም።»

ትንሽ አሰበና «እኔ እኮ ስልክ የለኝም» አለ።

ማን ተጎዳ ላልኩት መልሱ ይኸው። ለዓመታት ለራሴ ብቻ የምትበቃ ቀዳዳ ከፍቼ ስሾልክ፣ ከኋላዬ ለሚመጣው አንድ ቃል እንኳ አልተውኩለትም። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ጆሮዬ የማስረዳት ግዴታ የለብኝም፤ አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው። ልጅ እያየኝ ግን ሌላ ነው።

ተመለስን። «ጋሼ፣ ቅድም ስልክ አልተደወለልኝም። ለሁለታችንም ድምፁ በዝቶብን ነው።»

ሽማግሌው ልጁን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ታዲያ ስልክ ምን አመጣው?» አሉ።