ወፍጮ ሲቆም የሚበላ

ልጆቼ፣ ወልድያ ያላችሁ፣ መርሳና ሀብሩ ገጠር ያላችሁ፣ ይህን የምነግራችሁ ክፉ ቀን እየተመኘሁ አይደለም፤ ሁለት ዓይነት ክፉ ቀን ስላየሁ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ዝናብ ቀርቶ እህል ጠፋ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ሲገባ ግን እኔ ቤት እህል ነበረ። አንድ ኩንታል ማሽላ ከነጆንያው ጥግ ላይ ቆሟል። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን ዱቄቴ አለቀ። መብራት ከሌለ ወፍጮ ቤት የለም፤ ወፍጮ ከሌለ ደግሞ ያ ሁሉ ማሽላ እንጀራ አይሆንም።

ጎረቤቴ ከእናቷ የቀረላትን የድንጋይ ወፍጮ ከጓሮ አውጥታ አጠበች። እየተፈራረቅን ተንበርክከን በመጁ ፈጨን። መዳፋችን ተላጠ፤ ለአንድ ሰፌድ ዱቄት ግማሽ ቀን ሄደ። ኑሯችን እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር።

ስለዚህ ጓዳችሁን ስታሰናዱ ስንት ኩንታል እንዳላችሁ ብቻ አትቁጠሩ። ወፍጮ ቢቆም፣ ማገዶ ቢያልቅ ምን እንደምትበሉ ጠይቁ።

መጀመሪያ እሳት የማይፈልገውን አስቀምጡ። ከደጋው በሚወርደው ገብስ በሶ አስፈጩ፤ ደረቅ ዕቃ ውስጥ በደንብ ተከድኖ ይቆያል፤ በውኃ ቢበጠበጥ መጠጥ፣ ቢታሽ ጭብጦ ነው። ቆሎም አይለያችሁ። ቀጥሎ እሳት እንጂ ወፍጮ የማይፈልገውን ያዙ፦ ምስር፣ ክክ፣ የንፍሮ ስንዴ። የቆላው ማሾ ከባቄላ ቶሎ ስለሚበስል ማገዶ ይቆጥባል። ሽሮና በርበሬ ከፈጫችሁ እርጥብ ማንኪያ አታግቡበት፤ የሻገተውን አትብሉ። ንጹሕ ውኃ በጀሪካን፣ ከሰልና ክብሪትም የጓዳ ዕቃ ናቸው።

መጠኑን ለማወቅ የእርዳታ ስፍርን አስቡ፦ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት። አምስት ሰው ላለበት ቤት በወር 75 ኪሎ እህል፣ ለሦስት ወር ሁለት ኩንታል ከሩብ ማለት ነው። ደሞዛችሁ ትንሽ፣ የኪራይ ቤታችሁም ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በአንድ ቀን ሙሉት አልልም። በየወሩ ከምትገዙት ላይ ሁለት ሦስት ኪሎ ጨምሩ። እህል ከአውድማ በሚገባበት ከኅዳር እስከ ጥር ዋጋው ረገብ ይላል፤ ጎታ በሚጎድልበት ነሐሴ ግን ይወደዳል። ያ ጦርነትም የደረሰብን በዚያው ወር ነበር።

የገዛችሁትን ነቀዝ እንዳይቀድማችሁ ተጠንቀቁ። እህሉን በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል አድርቁ፤ ጆንያውን ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ላይ አስቀምጡ። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት እህል እሱ ይሁን። እናቶቻችን ማሽላና በቆሎውን ከጤፍ ቀላቅለው ያስቀምጡ ነበር፤ ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ገብቶ ለነቀዝ መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል። አየር የማያስገባው ድርብርብ ከረጢትም ጥሩ ነው። በገበያ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ግን ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ፤ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ደግሞም ለክፉ ቀን ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ቆልፋችሁ አትርሱት። ከእሱው ብሉ፣ በአዲስ ተኩ፤ የቀደመው ይቅደም። ጾም ሲገባ ሽሮውንና ምስሩን፣ ረመዳን ሲመጣ የሾርባውን እህል አውጡና ቦታውን ሙሉ። እንዲህ ሲሆን የዕለት ማብሰያውና የክፉ ቀኑ ስንቅ አንድ ጓዳ ይሆናሉ።

በዚያ በጦርነቱ ጊዜ ከእህል ቀድሞ ያለቀብን ጨው ነበር። ማንም አላሰበውም፤ ርካሽ ነዋ። አንዲት የሰፈራችን እናት የቀራትን በቡና ሲኒ እየሰፈረች ለየቤቱ አካፈለች። እሷ አርፋለች፤ ሲኒውን መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ ጨው በገዛሁ ቁጥር ለጎረቤት የሚሆን አንድ ኪሎ እጨምራለሁ። እናንተም ጨምሩ።