በመዝጊያ ውስጥ ስለ ተሰወረ ሽብልቅ

ማንም ያላየው፥ ማንንም ያልጎዳ ጥፋት ጥፋት ይባላልን? ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍት አላገኘሁትም፤ ያገኘሁት ሰበታ ላይ በአባቴ የዕንጨት ሥራ ቤት ነው።

ዘመኑ 1965 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት ነበር። በእኛ ቤት መዝጊያ የሚሠራው በእጅ ነው። ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ የመዝጊያ ዕንጨት ማለት ጥድ ነው፤ በተራራው ጐን ባለው በመናገሻ ሱባ ደን ጥዱን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው እየተባለ ሲነገር እንሰማ ነበር። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፤ ሲፈለጥም ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። አባቴ ግንዱን በሽብልቅ ሰንጥቀው፥ በመጥረቢያ ጠርበው፥ ሳንቃውን አንድ ዓመት ያህል በጥላ ያደርቁት ነበር። «ዕንጨት በወርዱ ይኮማተራል እንጂ በቁመቱ እምብዛም አይኮማተርም፤ እርጥቡን የሠራ ሰው በበጋ ያፍራል» ይሉኝ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሳንቃዎቹ መካከል በመቃኑ በኩል ለሚውለው ለወፍራሙ ከላይና ከታች ጫፍ ይተውለታል። የታችኛው ጫፍ በተቦረቦረ ድንጋይ ላይ፥ የላይኛው በጉበኑ ቀዳዳ ውስጥ ይዞራል፤ የብረት ማጠፊያ አያስፈልገውም፥ ክብደቱን የሚሸከመው መሬት ነው። ሌሎቹን ሳንቃዎች ከዚህ ጋር የሚያያይዙት አግዳሚዎች ናቸው። የአግዳሚው ጫፍ ቀጠን ተደርጎ ይጠረብና በወፍራሙ ሳንቃ በመሮ በተፈለፈለው ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያም በወይራ ችንካር ይመታል። ቀዳዳው ጫፉን አጥብቆ ካልያዘው መዝጊያው ውሎ አድሮ ወደ ታች ያዘነብላል። እንግዲህ የመዝጊያ ጥንካሬ ሁሉ ያለው ዓይን በማያየው ስፍራ ነው።

አንድ ቀን አባቴ ለቅሶ ሄደው ሳለ፥ ባል ለሞተባቸው ለጐረቤታችን የሚሠራውን መዝጊያ ቀዳዳ እኔ ፈለፈልሁ። ቸኩዬ ነበርና በጣት ወርድ ያህል አሰፋሁት። ያ ሳንቃ ዓመት ሙሉ የደረቀ ነው፤ ሌላ አልነበረንም። የባሕር ዛፍ ሽብልቅ ወተፍሁበት፥ ሰም አቅልጬ ከሰጋቱራ ጋር ለውሼ ደፈንሁት፤ በጨርቅ ስወለውለው ምንም አልታየም። አባቴም መጥተው አላወቁም። ሴትዮዋ መዝጊያውን ሲረከቡ «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

ራሴን የማጽናናበት ክርክር ብዙ ነበር። መዝጊያው ቆሟል፤ ሌባ አልገባበትም፤ ታዲያ ማን ተጎዳ? ነገር ግን አንድ ምሳሌ ዕረፍት ነሣኝ። ሌሊቱን ሊጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ ተኝቶ አደረ፥ ያን ሌሊትም ሌባ አልመጣም እንበል። ደመወዙን ሲቀበል «ጠብቄአለሁ» ቢል ዋሸ፤ «ምንም አልጠፋም» ቢል እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተቀጠረው ንብረቱ እንዳይጠፋ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ ተማምኖ እንዲተኛም ነው። እኔም የሸጥሁት ሳንቃ ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚህ የከፋ ነበር። በአገራችን ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ ሲናቁ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ማንም እንዳይሰድብ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን በዐዋጅ አልሞተም፤ አናጢም ቢሆን ከቀለም ሰው በታች ይቆጠር ነበር። ስለዚህ በልቤ «ለሚንቀኝ ሰው ምን እውነት አለብኝ?» አልሁ። እኒያ ሴት ግን ባረኩኝ እንጂ አልናቁኝም፤ የሌላውን ንቀት ብድር በእርሳቸው ላይ መለስሁ። እውነቱን ልናገርና፥ ሁለተኛው ቀዳዳ በሰፋብኝ ጊዜ እጄ ሳይንቀጠቀጥ ሽብልቅ ፈለገ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። አባቴ ቋጠሮ ሲለጥፉ እንኳ ገዢውን ጠርተው «ይህችን ለጥፌአታለሁ» ብለው ያሳዩ ነበር። ሰው የሠራው ሁሉ ጕድለት አለበት፤ የእርሳቸውን ልጣፍ ከእኔ ሽብልቅ የሚለየው ይህች ጥሪ ናት።

ዛሬ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል፤ በየመንገዱ ዳር የሚሠራው መዝጊያም ላሜራ ተበይዶ ነው። አንዳንድ እኩዮቼ ብረቱን ይነቅፋሉ። እኔ አልነቅፍም፤ በብየዳ ሥርም መደበቅ ይቻላል፥ አለመደበቅም ይቻላል።

ዐምና የዚያን ቤት ወራሾች አፍርሰው በብሎኬት ሲሠሩ፥ መዝጊያውን ከአሮጌ ዕንጨት ሻጭ ዘንድ ተጋድሞ አገኘሁትና ገዛሁት። ችንካሩን ብመታው አግዳሚው ወለቀ፤ ሽብልቄ ደርቆ ኮስምኖ ወደቀ። ከጐኑ ግን እኔ ያላኖርሁት የነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ተወትፎ ነበር።

ቡራዩ ወደምትኖረው ወደ ልጃቸው ሄጄ የሠራሁትን ሁሉ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ «እማዬ ታውቅ ነበር» አለችኝ። «ገና በመጀመሪያው ክረምት መዝጊያው መድረኩን ይፍቅ ጀመር። ማታ ማታ በትከሻዋ ብድግ አድርጋ ነበር የምትዘጋው። ለአባትህ እንንገር ብንላት ‹ልጁን ይገርፉታል› ብላ ከለከለችን፤ ነጠላዋንም ቀድዳ ወተፈችበት።»